የእትዬ ተሾመች የመጨረሻ ገንቦ

ግንቦት 21 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ ሐሙስ ረፋዱ ላይ፣ ከአዲስ አበባ የመጡ ሁለት እንግዶች ቦንጋ ከተማ ዳር ወዳለው የሸክላ ማሠልጠኛ ገቡ። መምህር ፍቃዱ ከፊት ከፊት እየመራ የሥራ ቤቱን በር ገፋ አደረገና «ይግቡ» አላቸው። ቀድማ የገባችው ወይዘሮ ዝማሬ ሁለት እርምጃ ተራምዳ ቆመች። ወለሉ ላይ፣ አዲስ ከተሠራ ትልቅ ገንቦ አጠገብ፣ የማሠልጠኛው ዋና አስተማሪ እትዬ ተሾመች በግንባራቸው ተደፍተዋል። ነጠላቸው ላይ የፈሰሰው ደም ደርቆ ጠቁሯል።

ምክትል ኢንስፔክተር ብርቅዬ የደረሰችው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው። አርባን የተሻገረች፣ አጠር ያለች ሴት ናት፤ ከዩኒፎርሟ ኪስ ቆሎ አይጠፋም። ቦንጋ ተዛውራ ከመጣች ሦስት ዓመቷ ሲሆን ከተማው ስለ እሷ ሁለት ነገር ያውቃል። ሰው ሲናገር አታቋርጥም፤ ተናግሮ ሲጨርስም ቶሎ አትመልስም። ዝምታዋን መቋቋም የሚያቅተው ሰው ብዙ ነው፤ ያልተጠየቀውንም ጨምሮ ይነግራታል።

በሩ ላይ ሳጅን አምባው ጠበቃት። አምባው የአገሩ ልጅ ነው፤ አፉን የፈታው በካፊኖኖ ነው። ፈጣንም ነው፤ አንዳንዴ ከሚፈለገው በላይ።

«ተጠርጣሪዋን ይዘናታል» አላት።

«መቼ?»

«አሁን። ህይወት ትባላለች፤ የሟች ተማሪ ናት። ከነልጇ ጣቢያ ልከናታል።»

«ታዲያ እኔን ለምን ጠራኸኝ?»

አምባው ወደ ውስጥ መራት።

እትዬ ተሾመች የተመቱት ከኋላ፣ ጭንቅላታቸው ላይ ነው። መምቻው ሩቅ አልሄደም። ከጭቃው ጋር የሚደባለቀው የተሰባበረ ገል የሚወቀጥበት ከባድ ዘነዘና ጥግ ላይ ተደግፎ ቆሟል፤ ታጥቧል። በዚያ ቤት ሌላው ዕቃ ሁሉ ጭቃ እንደለበሰ ነው የሚያድረው፤ የታጠበው እሱ ብቻ ነው። ከሆስፒታል የመጣው ሐኪም ሬሳውን አገላብጦ ካየ በኋላ «ከአንድ ቀን በላይ ሆኗቸዋል፤ ሁለትም ሊሆን ይችላል። በዚህ ብርድና እርጥበት ከዚህ የጠበቀ ቃል አልሰጥም» ብሎ እጁን ሊታጠብ ወጣ።

ብርቅዬ ገንቦው ፊት ቁጢጥ አለች። ቁመቱ ከጉልበት ከፍ ይላል፤ አንገቱም ከንፈሩም አልቋል። ጭቃው ገና እርጥብ ነው። መዳፏን ከላይ ወደ ታች ስታንሸራትት፣ ወገቡ ላይ ስትደርስ እጇ ወደ ውጭ ተገፋ። አንደኛው ጎኑ አብጧል፤ ከእብጠቱ በላይ ፀጉር የሚያካክሉ ስንጥቆች አሉ። ገንቦው የቆመው እርጥብ የኮባ ቅጠል ላይ ነው። ቅጠሉ እንደተጨመቀ ልብስ ተጠማዝዟል።

«ይኼ ጎኑ ምን ሆኖ ነው?» ብላ ጠየቀች። በሩ ላይ የተኮለኮሉት ተማሪዎች እርስ በርስ ተያዩ። ህይወት ስትወሰድ አይተዋል፤ ወደ ኋላ ሸሸት አሉ።

እትዬ ተሾመችን ቦንጋ ውስጥ የማያውቃቸው አልነበረም። የሺሺንዳ አካባቢ ሸክላ ሠሪዎች ልጅ ናቸው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ድስትና ጀበና በጀርባቸው ተሸክመው ገበያ ለገበያ ዞረዋል፤ ዕቃቸውን የሚገዛው ሰው እሳቸውን ከደጃፉ አያሳልፍም ነበር። ማሠልጠኛው ሲከፈት፣ በአርባ አምስት ዓመታቸው፣ ሠላሳ ሴቶች ፊት ቆመው «መምህርት» ተባሉ። ከሸክላ ሠሪ ቤት ወጥቶ በከተማው እንዲህ የተጠራ ከእሳቸው በፊት አልነበረም። ባላቸው ከሞተ ወዲህ ብቻቸውን ስለሚኖሩ፣ ረቡዕ፣ የግንቦት ሃያ በዓል ለት፣ ባይታዩም ማንም አልፈለጋቸውም።

ዘበኛው ጋሽ ሀብተሥላሴ ቆባቸውን አውልቀው በእጃቸው ያፍተለትላሉ።

«ማክሰኞ ተማሪዎቹ አሥር ሰዓት ላይ ወጡ» አሉ። «የበዓሉን መዝሙር ሊለማመዱ ቀበሌ ሄዱ። እትዬ ብቻ ቀሩ።»

«ገንቦው ያን ጊዜ የት ደርሶ ነበር ጋሼ?»

«ወገቡ ላይ። ጠዋት ሠርተው በእርጥብ ኮባ ሸፍነውት ነበር። እንዲያድር።»

«ሲወጡስ አዩአቸው?»

ቆቡ መፍተልተሉን አቆመ።

«ልዋሽሽ አልችልም ልጄ። ለበዓሉ ድንኳን ትከል ተብዬ ከአሥር ተኩል እስከ አንድ ሰዓት በሩን ጥዬ ስታዲየም ነበርኩ። ስመለስ የሥራ ቤቱ በር ተዘግቷል፤ ሄደዋል አልኩ።»

«ረቡዕስ?»

«ህይወት ሦስት ሰዓት ላይ መጣች፤ አራት ሰዓት ላይ ወጣች። ሌላ ሰው በበሩ አልገባም። እትዬ ግን ጭቃቸውን የሚያመጡት በወንዙ በኩል ስለሆነ የኋላ በር አላቸው። በዚያ ገብተው ይሆናል።»

መምህር ፍቃዱ ቢሮው ውስጥ ጠበቃት። ሠላሳ አምስት ዓመት ይሆነዋል፤ ጣቶቹ ረጃጅም ናቸው። በሴራሚክ ዲፕሎማ ይዞ ከመጣ ሦስት ዓመቱ ነው። በእግር የሚዞር የሸክላ መዘውር ያስተምራል። ከጀርባው ግድግዳ ላይ መዘውሩ ላይ ተቀምጦ የተነሳው ፎቶግራፍ ተሰቅሏል።

«እጅግ አዝናለሁ» አለ። «ለሥራው እንዲረዳዎት አንድ ነገር ልንገርዎት ኢንስፔክተር። እዚህ አገር ትልቅ ገንቦ በአንድ ቀን አያልቅም። የታችኛው ግማሽ ተሠርቶ ያድራል፤ ጠንከር ሲል በማግስቱ የላይኛው ይቀጠልበታል። ማክሰኞ ወገቡ ላይ ነበር፤ ዛሬ አልቆ አገኘነው። እትዬ ተሾመች ረቡዕ በሕይወት ነበሩ ማለት ነው።»

«እርስዎ ረቡዕ የት ነበሩ?»

«ጅማ። በንጋት አውቶቡስ ሄጄ፣ እንግዶቹን ተቀብዬ፣ ዛሬ በመኪናቸው አብሬ መጣሁ። ትኬቴ ይኸውና።» ትኬቱ ከሸሚዙ ኪስ ተዘጋጅቶ ወጣ።

ብርቅዬ ትኬቱን አየች። ቆሎዋን ቆረጠመች።

«ማክሰኞም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው የወጣሁት» ሲል ቀጠለ። «ከዚያ ወዲያ ቤቴ ሻንጣዬን ሳዘጋጅ ነበር።»

«ማክሰኞን አልጠየቅኩዎትም።»

ፍቃዱ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ማለቴ፣ ነገሩ ሙሉ እንዲሆን ብዬ ነው። ህይወትን ልጎዳት አልፈልግም፤ ግን ማክሰኞ ቀን ላይ በሁሉም ፊት ተጣልተዋል። መዘውር መማር እፈልጋለሁ ስትል እትዬ ተቆጧት። እሳቸው ከሌሉ ደግሞ አስተማሪ የምትሆነው እሷ ናት።»

«እንግዶቹስ ለምን መጡ?»

«ለሥራ ጉብኝት» አለ ባጭሩ።

ወይዘሮ ዝማሬ ግን ስትጠየቅ አላሳጠረችም። መምህር ፍቃዱ አዲስ አበባ ላይ በተደረገ ዓውደ ርእይ ያቀረባቸው ሦስት ገንቦዎች አንደኛ ወጥተዋል። ለሁለት ዓመት ትምህርት ወደ ውጭ አገር ይላካል። የመጡት የሥራ ቦታውን አይተው ሊፈርሙ ነው።

ከሰዓት በኋላ የብርቅዬ አለቃ ኮማንደር ኃይለመስቀል አስጠሯት።

«ልጅቷ ብቻዋን ገብታ ወጥታለች፤ ጠብም ነበራት። ምን ቀረሽ?» አሏት። «ነገ አራት ሰዓት ፍርድ ቤት አቀርባታለሁ። ከዚያ ማረሚያ ቤት ነው።»

«የስድስት ወር ሕፃን ይዛለች።»

«ሕጉ ሕፃን አለ ብሎ አይቆምም።»

«እስከ ነገ ሦስት ሰዓት ይስጡኝ» አለች ብርቅዬ። ኮማንደሩ ሰዓታቸውን አይተው እሺ አሉ፤ እሺታቸው ግን ከልብ አልነበረም። አምባውን የፍቃዱን አከራይ እንዲያነጋግር ላከችውና እሷ በእግሯ ወደ ዋናው መንገድ ወረደች። በተሳሳተ ሰው ላይ የተዘጋ መዝገብ መልሶ ለማስከፈት ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ታውቃለች፤ ሕፃኑ እዚያው ዳዴ ሊል ይችላል።

ጋሽ ሰማን ከስልጤ መጥተው ሱቅ ከከፈቱ ሃያ ዓመታቸው ነው። ከሳሙናና ከሻማው ጎን የእትዬ ተሾመችን ጀበናዎች ደርድረው ለመንገደኛ ይሸጣሉ። ሰኞ ለት እትዬ እዚህ ሱቅ ረጅም ሰዓት መቀመጣቸውን ተማሪዎቹ ነግረዋታል።

«ሰኞ ምን አወራችሁ ጋሽ ሰማን?»

«ስለ ዕቃ ነዋ። ሌላ ምን እናወራለን።»

ብርቅዬ አንዱን ጀበና አንስታ አየችው። መልሳ አስቀመጠችው። ጋሽ ሰማን ሚዛናቸውን ወለወሉ፤ እንደገና ወለወሉ።

«ወላሂ እዚህ ይደርሳል ብዬ አላሰብኩም» አሉ በመጨረሻ፤ ከባንኮኒው ሥር አንድ የታተመ የዓውደ ርእይ ወረቀት አወጡ። «ከአዲስ አበባ የመጣ ሹፌር ነው ጥሎት የሄደው። ፎቶ ስላለበት አሳየኋቸው። ሦስቱን ገንቦዎች እንዳዩ ‹የእኔ ናቸው› አሉ። ‹እርግጠኛ ነዎት ወይ እትዬ?› ብላቸው ‹የገዛ እጄን ሥራ የማላውቅ መሰለህ?› አሉኝ። ከሥሩ የተጻፈውን አንብብልኝ ሲሉ አነበብኩላቸው። የመምህር ፍቃዱ ስም ነው።»

«ምን አሉ?»

«ምንም። አልጮሁም፤ አልረገሙም። ‹ሐሙስ እንግዶች ይመጣሉ፤ ያን ጊዜ እነግራቸዋለሁ› ብለው ሻያቸውን ጨርሰው ሄዱ። እኔ ሞኙ ማክሰኞ ጠዋት መምህሩ ሳሙና ሊገዛ ሲመጣ ‹እትዬ አዝነውብሃል› አልኩት። እንዲታረቁ ብዬ ነበር።»

ፊታቸውን ወደ መደርደሪያው አዞሩ። ብርቅዬ ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተች።

ጣቢያው ውስጥ ህይወት ጥግ ላይ ተቀምጣ ልጇን ታጠባለች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። አብረዋት የታሰሩት ሁለት ሴቶች ምንጣፋቸውን ስበው ርቀው ተቀምጠዋል፤ የሸክላ ሠሪ ልጅ መሆኗን ሰምተዋል። ብርቅዬ አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ ከቆሎዋ ዘገነችና ለህይወት ሰጠቻት።

«ረቡዕ ለምን መጣሽ?»

«ማድረቂያ ዳሱ ውስጥ ያሉትን ዕቃዎች ላገላብጥ። ካልተገላበጡ ይሰነጠቃሉ። የሥራ ቤቱ በር ተዘግቶ ነበር፤ አልከፈትኩትም።» እንባዋ መጣ። «ብከፍተው ኖሮ አገኛቸው ነበር።»

«ገንቦውን አይተሽዋል?»

ህይወት ቀና አለች። «ስለ ገንቦው ነው የሚጠይቁኝ? ዛሬ ጠዋት ከሌሎቹ ጋር በሩ ላይ ቆሜ አይቼዋለሁ።»

«አዎ። ወገቡ ለምን አበጠ?»

«ሳያድር ስለተቀጠለ ነዋ» አለች፤ ይህን የማያውቅ ሰው መኖሩ እንደገረማት ያስታውቃል። «የታችኛው ግማሽ የእትዬ ነው። የላይኛው ግን የተሠራው ያው ማክሰኞ ማታውን ነው። ታችኛው ሳይጠነክር ሸክም ከተጫነበት ወገቡ ይዘረጠጣል። ሌሊቱን ዘንቧል፤ በእርጥበት ጭቃ ቶሎ አይጠናም። ረቡዕ ቢቀጠል ኖሮ ቀጥ ብሎ ይቆም ነበር።»

«እትዬ ቸኩለው ቢሆንስ?»

«እሳቸው?» ህይወት ራሷን ነቀነቀች። «እኛን ለዚህ ነው የሚቆጡን። እኔንም ማክሰኞ የተቆጡኝ ለዚሁ ነው፤ መዘውር ጥድፊያ ያስተምርሻል አሉኝ። ከሰዓት በኋላ ራሳቸው ጠርተው ልጄን አዘሉልኝ፤ ታርቀን ነው የተለያየነው።»

«ከገንቦው ሥር ያለው ኮባ ደግሞ ተጠማዝዟል።»

ህይወት ቆሎውን ማኘክ አቆመች።

«እኛ ገንቦ አናዞርም» አለች ቀስ ብላ። «ገንቦው ይቆማል፤ የምንዞረው እኛ ነን። እናቴም፣ እትዬም፣ ሁላችንም ጎንበስ ብለን ዙሪያውን እንሄዳለን። ኮባው ከተነጠፈ አይነቃነቅም።»

«ማክሰኞ ከአሥር ሰዓት በኋላ የት ነበርሽ?»

«ቀበሌ፣ መዝሙር ልምምድ ላይ። እስኪጨልም።»

ብርቅዬ ዩኒፎርሟን እያራገፈች ተነሳች። ስትወጣ አምባው በሩ ላይ አገኛት። የፍቃዱ አከራይ ወይዘሮ ሀፍሳ የተናገሩትን ከማስታወሻው አነበበላት። «ማክሰኞ ሊጨልም ሲል ነው የገባው። ሸሚዙንና ሱሪውን ራሱ አጠበ። ሦስት ዓመት ሲኖር ልብሱን ሲያጥብ አይቼው አላውቅም፤ ታሞ ይሆን ብዬ ነበር።»

ብርቅዬ ወደ ማሠልጠኛው ተመልሳ ከተማሪዎቹ ለአንዷ አንድ ነገር አዘዘች። ሁለት ገንቦዎችን እስከ ወገባቸው ሠርታ፣ እርጥብ ኮባ ላይ አቁማ እንድታሳድራቸው።

ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ሥራ ቤቱ ውስጥ ተሰበሰቡ። ኮማንደሩ ቆመው ሰዓታቸውን ያያሉ። ወይዘሮ ዝማሬና ባልደረባዋ፣ ጋሽ ሀብተሥላሴ፣ ጋሽ ሰማን፣ መምህር ፍቃዱ፤ በሩ ላይ ተማሪዎቹ። ህይወት ልጇን አዝላ በአምባው ታጅባ መጣች። ሁለቱ ያደሩ ገንቦዎች መሃል ወለሉ ላይ ቆመዋል፤ የእትዬ ተሾመች ገንቦ በስተግራ፣ እንደነበረ።

«አንድ ነገር ማወቅ እፈልጋለሁ» አለች ብርቅዬ። «የላይኛውን ግማሽ ለመቀጠል ስንት ሰዓት ይፈጃል? ህይወት፣ አንዱን ቀጥዪልኝ። መምህር፣ እርስዎም ሌላኛውን ቢቀጥሉልኝ።»

«አሁን?» አለ ፍቃዱ።

«ጭቃው ተዘጋጅቷል። ኮማንደር ደግሞ ይቸኩላሉ።»

ህይወት ልጇን ለአንዷ ተማሪ ሰጠች። ጭቃውን በመዳፏ አንከባልላ እንደ ገመድ አረዘመችው፤ ጎንበስ ብላ ከንፈሩ ላይ እያሳረፈች፣ በአውራ ጣቷ እየጫነች፣ ወደ ኋላ ወደ ኋላ እየተራመደች መዞር ጀመረች። ባዶ እግሯ ወለሉን ሲነካ ድምፅ የለውም። ገንቦው ንቅንቅ አላለም።

ፍቃዱ እጅጌውን ሰበሰበ። ከግድግዳው ሥር አጭር የእንጨት ዱካ ስቦ ተቀመጠ። ጭቃውን አረዘመ፤ ከንፈሩ ላይ አሳረፈ። ቀኝ እጁ ይጭናል፤ ግራ እጁ የገንቦውን ጎን ይዞ ወደ ራሱ ይስባል። ሥራው ያምራል። እጁ ፈጣንና ንጹሕ ነው። ገንቦው ኮባው ላይ ቀስ እያለ ዞረ፤ አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር። ተማሪዎቹ ዐይናቸውን ከገንቦው ሥር ነቅለው ወደ ፍቃዱ ፊት አነሱ።

«ይበቃል» አለች ብርቅዬ። «ኮማንደር፣ ሁለቱን ኮባዎች ይዩልኝ። ከዚያ በስተግራ ያለውንም።»

ኮማንደሩ ጎንበስ አሉ። በህይወት ገንቦ ሥር ያለው ቅጠል እንደተነጠፈ ነው። በፍቃዱ ገንቦ ሥር ያለው ተጠማዝዟል። የሟች ገንቦ የቆመበትም እንዲሁ ተጠማዝዟል።

ፍቃዱ ግራ እጁን ገና ከገንቦው ጎን አላነሳም ነበር። አየው፤ አነሳው።

«ነገሩ እንዲህ ነው» አለች ብርቅዬ። ድምፅዋ አልጨመረም። «ሁላችንም እትዬ ተሾመች ረቡዕ ሞቱ ያልነው ገንቦው ስላለቀ ነው። ያን የነገረኝ ደግሞ መምህር ፍቃዱ ነው፤ ሳልጠይቀው። ነገር ግን ረቡዕ የተቀጠለ ገንቦ ወገቡ አያብጥም። ይኼ አብጧል። ሳያድር ነው የተቀጠለው፤ ማክሰኞ ማታውን። ኮባው እንዳሳየን ደግሞ የቀጠለው ሰው ገንቦውን አዙሮታል። እትዬ አያዞሩም። ሠላሳ ሴቶች አስተምረዋል፤ አንዷም አታዞርም። እትዬ ካልቀጠሉት ሌላ ሰው ቀጥሎታል። ሬሳቸው አጠገብ ተቀምጦ ገንቦ የሚጨርስ ሰው አንድ ነገር ነው የሚፈልገው፤ ሞቱ ለረቡዕ እንዲቆጠር።»

«ህይወትም ልትሆን ትችላለች» አለ ፍቃዱ። «መዘውር መማር ትፈልግ ነበር።»

«ህይወት ረቡዕ ብቻዋን እዚህ ገብታለች። ሞቱን ወደ ረቡዕ ብትገፋ ገመዱን በገዛ አንገቷ ታስገባለች። ማክሰኞ ከአሥር ሰዓት እስኪጨልም ቀበሌ ስትዘምር ነበር። ከበሮ የምትመታው የሳጅን አምባው ባለቤት ናት፤ ትናንት ማታ ጠይቄያታለሁ። ጋሽ ሰማንና ጋሽ ሀብተሥላሴ ጭቃ መቀጠል አያውቁም። ረቡዕ ቦንጋ ያልነበረ፣ ማክሰኞ የት እንደነበረ የሚመሰክርለት ያጣ፣ ገንቦም የሚያዞር አንድ ሰው ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤቴ ገባሁ አለኝ። አከራዩ ሊጨልም ሲል ገባ፣ ልብሱንም ራሱ አጠበ ይላሉ።»

ወረቀቱን ከኪሷ አውጥታ ለወይዘሮ ዝማሬ ሰጠቻት። «የመጣችሁላቸው ሦስት ገንቦዎች እነዚህ ናቸው። ህይወት፣ እይው። የማን ሥራ ነው?»

ህይወት አንዴ ብቻ አየችው። «የእትዬ። የመሃለኛውን ሲሠሩ ውኃ ያቀበልኳቸው እኔ ነኝ።»

ብርቅዬ እንደ ልማዷ ጠበቀች። ፍቃዱ የያዘውን ጭቃ ይጨብጣል፤ ይለቃል።

«ሦስት ዓመት ሞክሬዋለሁ» አለ፤ ለማን እንደሚናገር አይታወቅም። «እሳቸው ዞር ዞር ብለው የሚያወጡትን ቅርጽ እኔ በመዘውር ላወጣው አልቻልኩም። ልለምናቸው ነበር የመጣሁት። አልተቆጡም። ‹ስሜን መልስልኝ፤ ሌላ ምንም አልልህም› አሉኝ፤ ገል መሰብሰባቸውን ቀጠሉ። ዘነዘናው አጠገቤ ነበር። ቢቆጡኝ ኖሮ ይሻለኝ ነበር።»

ኮማንደሩ ሰዓታቸውን ማየት ትተዋል። በምልክታቸው ሁለት ፖሊሶች ገቡና ፍቃዱን ይዘውት ወጡ። በተማሪዎቹ መሃል ሲያልፍ መንገድ ለቀቁለት፤ አንዷም አልተናገረችውም። ወይዘሮ ዝማሬ ወረቀቱን እንደያዘች ቀረች።

«ነፃ ነሽ፤ ወደ ቤትሽ ሂጂ» አሏት ኮማንደሩ ህይወትን።

ህይወት ልጇን ተቀብላ አዘለች። ግን አልሄደችም። ሳጅን አምባው ፊት መጥታ ቆመች።

«ሳጅን» አለችው፤ ሁሉም እንዲሰማት በአማርኛ። «ትናንት ጠዋት ሲይዙኝ ምን አልኩዎት?»

አምባው መሬት መሬት አየ።

«ምን አለችህ?» አለች ብርቅዬ።

«በካፊኖኖ ነበር የነገረችኝ።»

«በምን ቋንቋ አላልኩህም።»

«ገንቦው የእትዬ አይደለም፤ ሳያድር የተቀጠለ ነው አለችኝ።» መዝገቡን ከብብቱ ወደ እጁ አዛወረ። «ስለ ጭቃ የምታወራ መስሎኝ ተውኩት። ቃሏ ላይ አላሰፈርኩትም።»

ብርቅዬ ወደ ህይወት ዞረች። አንድ ቀን ሙሉ ከተማውን ዞራ ያገኘችው፣ ልጅቷ ገና ስትያዝ የተናገረችውን ነው። አፈረች፤ በአምባውም በራሷም። ሕፃኑ ያደረበት እስር ቤት ትዝ አላት።

«አሁን ይጻፉት» አለች ህይወት።

አምባው ኮማንደሩን አየ። ኮማንደሩ አንገታቸውን ደፋ አድርገው ፈቀዱለት። ዱካው ላይ ቁጭ ብሎ መዝገቡን ጉልበቱ ላይ ከፈተ፤ ህይወት ቆማ፣ ልጇን በጀርባዋ እያወዛወዘች፣ ቃል በቃል ነገረችው። ሲፈጥንባት «ይቆዩ» እያለች ታስቆመዋለች። ሲጨርስ ብርቅዬ እንድታነብላት ጠየቀች። ብርቅዬ ማንበብ ጀመረች፦ «ተሾመች የተባለች ሸክላ ሠሪ...»

«እንደሱ አይደለም» አለች ህይወት። «መምህርት ተሾመች ይበሉ። የአባታቸውንም ስም ይጨምሩ።»

አምባው ሰረዘና መምህርት ብሎ ጻፈ። እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ እንዳሳረፈ ቆየ። የአባታቸውን ስም አያውቅም ነበር። ቀና ብሎ ጠየቃት፤ ነገረችው።